ተደራራቢው አልጋ

«አይቆረጥም በዪው» አለቻት እናቷ ክንዷን ጨምቃ ይዛ። «አልጋው ቢቆረጥ ይፈርሳል በዪ። የሠራሽው አንቺ ነሽ፤ አባትሽ የምትዪውን ያምናል።»

ከደጅ የጭነት መኪናው ጥሩምባ ጮኸ። ባለመኪናው ተሰላችቷል። አባቷ ሶፋውን አስጭኖ፣ የተዋሰውን መጋዝ ብብቱ ሥር ይዞ ወደ ልጆቹ ክፍል ገባ።

የአሥራ አምስት ዓመቷ ልጅ ክንዷን ከእናቷ እጅ አስለቀቀች። ወላጆቿ ሊለያዩ ነው፤ ቤቱ ለሁለት ተከፍሏል። እሷ ከእናቷ ጋር ትቀራለች፤ ታናሽ ወንድሟ ማሙሽ አባቱ ወደተከራየው ክፍል ይሄዳል። የተስማሙት እንደዚያ ነው። እናቷ ግን «ልጄ መኝታ ሳይኖረው ከዚህ ቤት አይወጣም!» ብላ ነበር፤ አባቷም እሺ ብሏል።

መኝታው ደግሞ ይኸው ተደራራቢ አልጋ ነው፤ ማሙሽ ከላይ፣ እሷ ከታች። ትምህርት ቤት በተዘጋ ጊዜ አናጢ አጎቷ ዘንድ እየተመላለሰች፣ ንድፉንም ራሷ ሥላ፣ ራሷ ነች የሠራችው። አጎቷ ሚስማር አላስነካትም። «ሚስማር የሰነፍ ምርኩዝ ነው» ይላል። የእያንዳንዱን አግዳሚ ጫፍ እንደ ምላስ ቀርጻ፣ ቋሚው ላይ በመሮ በፈለፈለችው ቀዳዳ አስገብታ፣ በኮላና በሽብልቅ አጥብቃዋለች። ስንቱን ጣውላ አበላሽታለች! አባቷ «ኢንጂነሯ» የሚል ስም ያወጣላት ያን ሰሞን ነው።

«እስቲ ኢንጂነሯ» አላት አሁን፣ ቋሚውን መታ መታ እያደረገ። «እኔ ሾፌር ነኝ፤ ከመሪ ሌላ አላውቅም። እዚህ መሀሉ ላይ ቢቆረጥ የላይኛው ለብቻው ይቆማል?»

ይቆማል። እንዲያውም ንቅንቅ አይልም። በሚስማር መትታው ቢሆን ኖሮ ገና መጋዝ ሲነካው ይበታተን ነበር። ያን ሁሉ ልፋቷን በልቧ ረገመችው።

«አይቆምም» አለች መሬት መሬት እያየች። «ይፈርሳል።»

አባቷ ለአፍታ እንኳ አልተጠራጠረም። «አንቺ ካልሽ አለቀ» ብሎ መጋዙን ግድግዳው ላይ አስደገፈ። እናቷ በሩ ላይ ቆማ እፎይ አለች።

«በቃ ማሙሽ» አለ አባቷ፣ «ፍራሽህን ጠቅልል። አልጋ እስክገዛ ወለል ላይ ትተኛለህ።»

«እንዲህ ነበር የተባባልነው?» ጮኸች እናቷ። «ቃልህስ?»

«ቃል ቃል አትበዪኝ! ቃሉን የበላው ማን እንደሆነ ልጆቹ ፊት እንድናገር ነው?»

ማሙሽ ፍራሹን መጠቅለል ጀምሯል። ስምንት ዓመቱ ነው፤ ሁለቱ ሲጮኹ እጁን ሥራ ማስያዝ ለምዷል። «ወለል አሪፍ ነው» አለ፣ ለማንም ሳይሆን። «ወለል ላይ የተኛ ሰው አይወድቅም።»

እህቱ ከመሬት ቀና አለች።

«ይቆማል» አለች።

ሁለቱም ወደ እሷ ዞሩ።

«ዋሽቼ ነው፣ አባዬ። ቢቆረጥም ይቆማል።»

አባቷ እሷን ሳይሆን እናቷን አየ፤ ማን እንዳስዋሻት ገብቶታል። እናቷ ግን ዓይኗን ከልጇ ላይ አልነቀለችም። «እሰይ፣ አበጀሽ!» አለች ቀዝቀዝ ባለ ድምፅ። «ወንድምሽን በገዛ እጅሽ ሸኚው እንግዲህ።» ወደ ማድቤት ገብታ በሩን በላይዋ ደረገመችው።

አባቷ መጋዙን ሲያነሳ ልጅቷ ከእጁ ወሰደችው። «አንተ ታጣምመዋለህ።»

እርሳስና ማስመሪያ አምጥታ ተንበረከከች። ልክ መሀሉ ላይ ልታሰምር ስትል ቆም አለች። «የክፍሉ ወለል ምንድን ነው?»

«ሲሚንቶ ነው። ዝናብ ሲሆን ትንሽ ይረጥባል፤ ያን ያህል አይደለም።»

እርሳሷን አንድ ስንዝር ያህል ዝቅ አደረገች። የማሙሽ አልጋ እግሩ ይረዝማል። የእሷ አልጋ ራስጌ ይጠር፤ ምን ይሆናል? አራቱም ቋሚዎች ላይ እኩል አሰመረች።

«አባዬ፣ አንተ በዚያ በኩል ደግፍ። ማሙሽ፣ አንተ በዚህ» አለች። «ሊያልቅ ሲል እንዳይሰነጠቅ።»

ማሙሽ ፍራሹን ትቶ መጣ፤ አግዳሚውን በሁለት እጁ ያዘ። መጋዙን መስመሩ ላይ አሳረፈችና መሳብ ጀመረች።