በርጥብ ጨርቅ የበረደ ግንባር

የባቡሩ ሐዲድ ከከተማይቱ በደረሰ በዓመቱ፥ ዝናቡ በጀመረበት ሰሞን፥ ከንቲባው አዲሱን ሐኪም ቤት በጥሩምባና በጠመንጃ ተኩስ መርቀው ከፈቱ፤ ሕዝቡም ግልብጥ ብሎ ወጣ፤ የኮርቻ ሰፊው ሚስት ግን ከቤቷ ንቅንቅ አላለችም። እንዴትስ ትውጣ? የሐኪም ቤቱ አስታማሚ የባሏ የቀድሞ ሚስት ናት።

ብዙም ሳይቆይ ገና አንገቱ ያልጠና ልጇ ሰውነቱ ጋለ። ባሏ ቆዳውን አስቀምጦ፥ "ለእሷ እናሳየው፤ እጇ መድኃኒት ነው" አላት። እጇ! ይህች አንዲት ቃል አንጀቷን አሳረረችው።

"ጥርስ ሊያወጣ ነው" አለች። የሁለት ወር ልጅ ምን ጥርስ አለው? ቅናት ሲይዝ እንኳን ጥርስ ቀንድም ያበቅላል። ባልም አምኗት የሻለቃውን ኮርቻ ሊያደርስ ወደ ጦር ሰፈር ሄደ።

በነጋታው ልጁ ጡት አልይዝ አለ፤ ቢቀሰቅሱትም ዓይኑን ገልጦ መልሶ ይከድናል። ያን ጊዜ አቅፋው ወጣች። ዳሩ ግን "ልጇን ስታቃጥለው አድራ አመጣችው" እንዳትባል፥ ከሐኪም ቤቱ ደጃፍ ቆማ ግንባሩንና ደረቱን በርጥብ ጨርቅ አበረደች።

አስታማሚዋ ነጭ ሽርጧን ታጥቃ፥ ያ መልኳ ዛሬም እንዳለ፥ ግንባሩን ዳሰሰች፤ ቀዝቅዞ አገኘችው።

"መቼ ጀመረው፥ እህቴ?"

"ዛሬ ጠዋት ነው፥ እሜቴ።"

"ይጠባል?"

"ደኅና አድርጎ።"

"እንግዲያስ ተራሽን ጠብቂ።"

ዞር ብላ ስትሄድ የኮርቻ ሰፊው ሚስት በአረማመዷ እንኳ ቀናች፤ ምን ዓይነት ልብ ነው ይህ! ልጁ ግን በእቅፏ ዝልፍልፍ አለ። ተንደርድራ የሽርጡን ጫፍ ያዘች።

"ዋሽቼዎታለሁ። ከትናንት ጀምሮ ያተኩሰዋል፤ ዛሬ ጡት አልያዘም፤ እንዳይንቁኝ ብዬ በርጥብ ጨርቅ ያበረድኩት እኔ ነኝ።"

አስታማሚዋ አልገላመጠቻትም። ልጁን ተቀብላ ወደ ሐኪሙ እየሮጠች፥ "እንዲህ ያለ ጨቅላ ካተኮሰው ጡት እስኪተው አይጠበቅም፤ ወዲያው ነው የሚመጣው" አለች ብቻ።

ልጁ ዳነ፤ ባልየውም ከጦር ሰፈር ተመልሶ አስቀድሞ ያመሰገነው አስታማሚዋን ነበር።

ከዓመታት በኋላ የከንቲባው ስም በሐኪም ቤቱ ድንጋይ ላይ ተቀረጸ፤ የአስታማሚዋም ሥዕል በግድግዳው ተሰቀለ፤ ልጁም ጎልምሶ "ያዳኑኝ እሳቸው ናቸው" ሲል እናቱ እየሰማች ትቀና ነበር። ሐሰት አልተናገረም። ነገር ግን ያን ቀን እናቱ የዋሸችውን ራሷ ባትናዘዝ ኖሮ የሚያመሰግንበት አፍ እንደማይኖረው የከተማይቱን ታሪክ የጻፈው ሰው አልሰማም፤ እሷም ለልጇ አልነገረችውም።