ቤት ሳይገቡ የተነፋ ጥሩንባ

«ጋሽ መድኃኔ አረፉ አሉ።»

ኢርፋን ይህን ወሬ ይዞ ባንኮኒዬ ላይ ሲደገፍ ሦስተኛ ጊዜው ነው። ባንኮኒዬ የምለው አፍንጮ በር ታክሲ መያዣው አጠገብ ባለችው የሞባይል መጠገኛዬ ውስጥ ያለውን ነው። ሙያውን ማንም አላስተማረኝም፤ የሞቱ ስልኮች እየፈታሁ፣ ዩቲዩብ እያየሁ፣ ጣቴን እያቃጠልኩ ነው የተማርኩት። «የት ተማርሽ?» ብሎ የሚጠይቀኝን ደንበኛ ስልኩን ከሠራሁለት በኋላ ነው የምመልስለት።

ኢርፋን የሰፈሬ ልጅ ነው፤ «የሳምንቱ ጉድ» የሚባል የቴሌግራም ቻናል አለው። ከየቦታው የለቃቀመውን በየሰኞው ያቀርባል፦ የሚዘፍን በግ፣ ቻርጀር የማይፈልግ ስልክ፣ የተዋናይት ፍቺ፣ የድሮ ፒያሳ ፎቶ። በጉ ማንንም አይጎዳም። የጎዳን በሰው ፎቶ ሥር «አረፉ» ብሎ የሚለጥፈው ሻማ ነው።

ጋሽ መድኃኔን በስም ባታውቋቸው ጣታቸውን ታውቃላችሁ። አምና ወጣቱ ሁሉ ቲክቶክ ላይ ትከሻውን የነቀነቀባት አጭር የአኮርዲዮን ዜማ የእሳቸው ናት። በወጣትነታቸው ፒያሳ አንድ ሆቴል ሲጫወቱ የተቀዳች ናት። ዜማዋን ሺህ ሰው ሲቀባበላት ስማቸውን ከሥሯ የጻፈ አንድም አላየሁም።

እኔ ያደግኩት እሪ በከንቱ፣ ከእሳቸው ቤት ትይዩ ነው። ያኔ ካሴት ቤቱ ስፒከሩን ወደ መንገድ አዙሮ ሰፈሩን ሁሉ ያዘፍናል፤ ቪዲዮ ቤት አንድ አግዳሚ ላይ ተጣበን የሕንድ ፊልም እናያለን፤ ክሩ የወጣ ካሴት በእስክሪብቶ እናጠነጥናለን። ጋሽ መድኃኔና ጓደኛቸው ጋሽ ገዛኸኝ ደግሞ ደጃፍ ላይ በቆርኪ ዳማ ይጫወታሉ። የተሸነፈ ሻይ ይጋብዛል፤ ሁለቱም ተሸንፌያለሁ ብለው አያውቁም።

እድራችን ለፋፊ ነበረው፤ አባባ የማነ ይባላሉ። ሰው ሲሞት ጥሩንባቸውን ብብታቸው ሥር ሸጉጠው መጀመሪያ ሟቹ ቤት ይገባሉ፣ በዓይናቸው ያያሉ፣ ቤተሰቡን ያስፈቅዳሉ፤ ከዚያ ነው ወጥተው የሚነፉት። «ያላየሁትን ሬሳ አልለፍፍም» ይሉ ነበር፣ ይቸኩሉ ሲሏቸው።

ኋላ ቤቶቹ ፈረሱ። ሰዉ በየኮንዶሚኒየሙ ተበተነ፣ እድሩ ቴሌግራም ግሩፕ ገባ። አባባ የማነ ከዚያ በፊት አርፈው ስለነበር ጥሩንባውን ኢርፋን ወረሰው ማለት ይቻላል። ቤት የመግባቱን ልማድ ግን አልወረሰም።

ጋሽ መድኃኔ መጀመሪያ «ሞቱ» የተባሉት ዓይናቸውን ለመታከም ሆስፒታል ሲገቡ ያያቸው ሰው ስለነበረ ነው። ጋሽ ገዛኸኝ ጥቁር ኮታቸውን ለብሰው፣ ታክሲ ቀያይረው፣ እያለቀሱ ሄዱ። በሩን የከፈቱላቸው ራሳቸው ሟቹ ናቸው። «ባዶ እጅህን ነው የመጣኸው?» አሏቸውና ዳማውን ዘረጉ። ሁለተኛው ጊዜ የሞተው ሞክሼያቸው ነበር። ጋሽ ገዛኸኝ ያንንም በዝናብ ሄደው አለቀሱት፤ ሲመለሱ ግሩፑ ውስጥ መሳቂያ ሆነው ቆዩ። ኢርፋን ሁለቱንም ጊዜ «ተስተካክሏል» ብሎ ጽፎ ወደ በጉ ተመለሰ።

በሦስተኛው ጊዜ፣ በዚያ ሰኞ፣ «አየሃቸው?» አልኩት።

«ሌላ ግሩፕ ላይ ተለጥፎ ነው ያየሁት። ጥቤ፣ እስካጣራ ሌላው ይቀድመኛል። ከተሳሳትኩ አጠፋዋለሁ።»

«ሬሳ እሽቅድምድም የለውም። ጽሑፉን አንተ ታጠፋዋለህ፤ ከሰው ልብ ማን ያጠፋልሃል?»

ሳቅ ብሎ እዚያው ባንኮኒዬ ላይ እንደተደገፈ ቻናሉ ላይ ለጠፈው፤ ሻማው ጭምር።

ጋሽ መድኃኔ ጋ ደወልኩ፤ ስልካቸው ዝግ ነው። አዲሱን ቤታቸውን ከእኛ መሃል የሚያውቁት ጋሽ ገዛኸኝ ብቻ ስለሆኑ ወደ እሳቸው ደወልኩ።

«ልጄ፣ ሁለቴ አልቅሼ ሁለቴ ተስቆብኛል» አሉኝ። «በዚህ ጉልበቴ ሦስተኛ አልሄድም። ሲሞት ራሱ ይደውልልኝ።»

«ጋሼ፣ ውሸት ቢሆንስ ምን ይጎድልብዎታል? ሻይዎን ጠጥተው ይመለሳሉ።»

ቅዳሜ አየዋለሁ ብለው ዘጉት። አድራሻውን ስጡኝ ብላቸውም በቃል የሚነገር አይደለም፣ በእግር የሚታወቅ ነው አሉ።

ሐሙስ ማለዳ የጋሽ መድኃኔ ልጅ በለጠች በእድሩ ግሩፕ አባቷ ማረፋቸውን ጻፈች። ቀብሩ በማግስቱ ነው። የመጣላት መልስ ሳቅ ነበር፤ አንዱማ «ክፍል አራት ደረሰ?» ብሎ ጠየቃት። እኔ ደወልኩላት። ድምፅዋን ስሰማ ሌላ ማጣራት አላስፈለገኝም። ጋሽ ገዛኸኝንና ያገኘሁትን ሁሉ በስልክ ጠራሁ።

ቀብሩ ላይ የሰፈራችን ሰው በጣት የሚቆጠር ነበር። ሬሳውን አብረውን የተሸከሙት ሌላ ቀብር ጨርሰው የቆሙ፣ ስማቸውን የማናውቅ ሰዎች ናቸው። ስመለስ ታክሲ ውስጥ ከፊቴ የተቀመጠች ልጅ ስልኳን ስትከፍት ያቺ የአኮርዲዮን ዜማ ጮኸች። ሹፌሩ እንኳ አብሯት አፏጨ።

ኢርፋን ለቅሶው ድንኳን ዘግይቶ መጣ፤ ስልኩን ከኪሱ አላወጣም። ከበለጠች እግር ሥር ሊወድቅ ሲል ያዘችው። ኋላ እኔ አጠገብ ተቀምጦ ቻናሉን እዘጋዋለሁ አለኝ። አትዝጋው፣ በጉን ተውልን፣ የሰው ሞት ግን የሰውየውን በር ሳታንኳኳ አትጻፍ አልኩት። ያኔ ስልኩን አወጣና እዚያው ተቀምጦ ግሩፑ ላይ ይቅርታ ጻፈ፤ የሳቁት አንድ በአንድ ሳቃቸውን ሲያጠፉ አየሁ።

አንባቢዎቼ፣ እኔ ስልክ ጠግኜ እንጀራ የምበላ ሰው ስልክ አልራገምም። የምላችሁ፣ አባባ የማነ ባዶ እግራቸውን ያደርጉት የነበረውን እናንተ ኢንተርኔት ይዛችሁ አትተዉት ነው፤ ከመንፋታችሁ በፊት ቤት ግቡ። ወሬ ያታለለው ሰውም ቢሆን መንገድ አይሰልች። ወዳጅ ቤት ለቅሶ ብለው ሄደው ሳቅ ቢያገኙ ኪሳራ የለውም።

ይህንን ያልኩት ድንኳኑ ውስጥ የሰማሁትን ስለሰማሁ ነው። ጋሽ ገዛኸኝ ያንኑ ጥቁር ኮት ለብሰው በለጠች አጠገብ ተቀምጠው ነበር።

«ማረፉን ሰኞ ሰምቼ ነበር ልጄ» አሏት። «አላመንኩም። ያኔ ብመጣ ቢያንስ ስትገንዙት እደርስ ነበር።»

በለጠች ቀና ብላ አየቻቸው።

«ሰኞማ አባባ በሕይወት ነበር፤ ያመመው ማክሰኞ ማታ ነው። የለቅሶ ስልክ ሲበዛበት ነው ስልኩን ያጠፋሁበት። ዳማውን አዘርግቶኝ፣ ‹ገዜ ወሬውን ሰምቶ እንደ ልማዱ ሊያለቅስብኝ ይመጣል፣ በሩን አትዝጊው› አለኝ። እስከ ማታ ክፍት ነበር።»