ለቡላ አንድ ጥግ

አባባ ንጉሡ ጎንበስ ሲሉ ነገሩ ለኤፍራታ ወዲያው ገባት። ለቡላም ገባው፤ የገባው ግን ሌላ ነገር ነበር።

አዲስ አበባ ያደገ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ዘዴ ነው። ውሻ ሲመጣብህ ጎንበስ ብለህ ድንጋይ የምታነሣ ትመስላለህ። ድንጋዩ መኖሩ ግድ አይደለም። ውሻው ጎንበስ ማለትህን ብቻ አይቶ ዞር ይላል። የኤፍራታ ውሻ ቡላ ግን የተወለደው ሜሪላንድ ነው። በሕይወቱ ሙሉ እፊቱ ጎንበስ ያለ ሰው ሁሉ ኳስ ወርውሮለታል። ስለዚህ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ፣ ከአፓርታማዎቹ ጀርባ ባለው ሜዳ ላይ፣ በሙሉ ልብስና በከረባት ወክ የሚያደርጉ ሽማግሌ ኳስ ሊወረውሩለት መሆኑን ሲያይ ደስታውን መቆጣጠር አቃተው። ገመዱን ከኤፍራታ እጅ አስለቅቆ ሮጠና የፊት እግሮቹን ደረታቸው ላይ አሳረፈ።

አባባ ንጉሡ ሣሩ ላይ ተቀመጡ። ወደቁ ከማለት ተቀመጡ ማለት ይሻላል፤ እሳቸውም በኋላ «ተቀመጥኩ» ነው ያሉት። ከኋላቸው ይመጡ የነበሩት ጓደኞቻቸው ግን «ኧረ ውሻ በላቸው!» ብለው ለሕንፃው ሁሉ አሰሙ።

አልተበሉም። ፊታቸው ግን በደንብ ተልሷል።

የኤፍራታ እናት ከበቡሽ የጥርስ ሐኪም ረዳት ናት። ቀኑን ሙሉ አፉን ከፍቶ መናገር ከማይችል ሰው ጋር ስለምትውል፣ ቤት ስትገባም መልስ አትጠብቅም።

«በቃ! ወዳጃችን ዓብዩ ጌይተርስበርግ ውስጥ ግቢ አለው፣ አጥር አለው፣ ውሻ የሚወዱ ልጆች አሉት። ቅዳሜ መጥቶ ይወስደዋል።»

«ማሚ፣ ቡላ'ኮ አልነከሳቸውም።»

«አልነከሳቸውም? ሸልሚው እንግዲህ!»

ቡላ ስሙን ሲሰማ ከሶፋው ሥር ጅራቱን ወለሉ ላይ መታ መታ አደረገ። እሱም የሽልማቱን ሐሳብ የደገፈ ይመስላል።

ኤፍራታ አላለቀሰችም። አሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ ማልቀስ እናቷ ላይ እንደማይሠራ ካወቀች ቆይታለች። «ሐሙስ ስብሰባ አለ» አለች። «የፓርኩ ቦርድ ሜዳው ላይ ውሾች ያለ ገመድ የሚሮጡበት የታጠረ ቦታ ይሠራ ወይ ብሎ ሰው ሊጠይቅ ነው። ቡላ ሰው ላይ የሚዘለው የሚሮጥበት ስለሌለው ነው። ስሜን አስመዝግቤያለሁ። እናገራለሁ።»

«ምን ብለሽ?»

«አስፈላጊ ነው ብዬ።»

ከበቡሽ ጫማዋን እያወለቀች ትንሽ አሰበች። «ከፈቀዱ ይቆይ። ካልፈቀዱ ቅዳሜ ይሄዳል። ጨርሻለሁ።»

በማግስቱ አባባ ንጉሡ በሩን አንኳኩ። ኤፍራታ ቡላን መታጠቢያ ቤት ዘጋችበት። አባባ ንጉሡ ድሮ ግብርና ሚኒስቴር የመምሪያ ኃላፊ ነበሩ። አብዮቱ ከፈነዳ በኋላ ከአገር ወጡ፤ አሁን ከታች ያለው ፎቅ ላይ ይኖራሉ። በየጠዋቱ የእንግሊዝኛ ጋዜጣ ይዘው ተቀምጠው ስሕተቱን በቀይ እስክሪብቶ ያርማሉ። ለማን እንደሚያርሙት ማንም አያውቅም።

«ሐሙስ ስብሰባው ላይ የሰፈሩን አረጋውያን ወክዬ ተቃውሞ አቀርባለሁ» አሉ። «አስተርጓሚ እንሰጥዎታለን ብለውኛል። የማላውቀው ሰው ነገሬን ሊያሳጥርብኝ ነው። ኤፍራታ ትተርጉምልኝ።»

«አባባ፣ እርስዎ'ኮ እንግሊዝኛ ያውቃሉ» አለች ኤፍራታ።

«አውቃለሁ። መንግሥት ፊት ሲቀርቡ ግን በራስ ቋንቋ ነው።»

«እኔ ደግሞ ለውሾቹ ነኝ። ከእርስዎ ቀጥሎ እናገራለሁ።»

ከበቡሽ ከጀርባዋ ቆነጠጠቻት። አባባ ንጉሡ ግን ቅንድባቸውን እንኳ አላነሡም። «ታዲያ? እኔ የፈለግኩት ቋንቋሽን ነው። ሐሳብሽን ማን ጠየቀሽ?»

«ደስ ይላታል፣ ጋሽ ንጉሡ» አለች ከበቡሽ፣ ስለ ልጇ ደስታ ራሷ መልሳ።

ሄኒ ይህን ሲሰማ የትምህርት ቤቱ አውቶቡስ ውስጥ ሊወድቅ ደረሰ። ሄኒ ጎረቤቷ ነው፤ አንድ ክፍል ነው የሚማሩት። ውሻ የለውም፤ ቡላን ግን እንደ ግማሽ ንብረቱ ነው የሚያየው።

«ዌይት ዌይት። የምትተረጉሚላቸው አንቺ ነሽ? ጌም ኦቨር በቃ! ‹ውሻ በጣም እወዳለሁ› አሉ በያቸው።»

«እንግሊዝኛ ያውቃሉ ስልህ።»

«እሺ፣ እንደዛ አትበይ። ብቻ አለሳልሺው። ላይክ፣ ሰውዬው ይጮኻሉ፣ አንቺ ‹ትንሽ ስጋት አለኝ ይላሉ› ብለሽ ታልፊያለሽ። ማን ያውቃል?»

«እሳቸው።»

«ይወቋ! ተነሥተው በአማርኛ ‹ዋሸች!› ቢሉ ማን ይተረጉምላቸዋል? አንቺ!»

ኤፍራታ እስክታነባ ሳቀች። ቤት ገብታ ቡላን ስታበላው ግን ሳቁ ጠፋ። ሄኒ ቢቀልድም ነገሩ ይሠራል። አባባ ንጉሡን የምታውቃቸውን ዓመታት ሁሉ ብታስብ፣ ከመሞትና በአደባባይ ቃል ከማጠፍ መሞቱን የሚመርጡ ሰው ናቸው። በአማርኛ እናገራለሁ ካሉ በአማርኛ ነው። ቡላ ሳህኑን ልሶ ጨረሰና ሌላ ይኖር እንደሆነ አያት።

ሐሙስ አባባ ንጉሡ በከበቡሽ መኪና ከኋላ ተቀምጠው ወደ ስብሰባው ሄዱ። መንገድ ላይ ንግግራቸውን ለኤፍራታ አስጠኗት።

«ዋናው ነገር ይኸውልሽ። እኛ መኪና አንነዳም። በእግራችን የምንደርስበት ሜዳ ያ ብቻ ነው። እሱ ባይኖር ቀኑን ሙሉ ግድግዳ ስናይ እንውላለን። በእኔ ዕድሜ አንድ ጊዜ መውደቅ ማለት ዳሌ ነው። ዳሌ ማለት ነርሲንግ ሆም ነው። ነርሲንግ ሆም ማለት ደግሞ ‹ውሃ ስጡኝ› የምትይበት ቋንቋ የለም ማለት ነው። እኛ አንድ አግዳሚ ወንበር አስቀምጡልን ብለን ስንት ዓመት ለመንን። አልሰጡንም። ውሻ ግን ሳይለምን አጥር ሊሠራለት ነው።» ትንፋሽ ወሰዱ። «ይህን ነው የምትይልኝ።»

ኤፍራታ በመስኮት ወደ ውጭ አየች። ስለ አግዳሚ ወንበሩ አታውቅም ነበር። ባታውቅ ይሻላት ነበር።

አዳራሹ ለሁለት ተከፍሎ ጠበቃቸው። በግራ በኩል ቁምጣ የለበሱ፣ የውሻ ፀጉር ሹራባቸው ላይ የቀረ የሰፈሩ ፈረንጆች። በቀኝ በኩል አረጋውያኑ፣ ሁሉም በከረባት። ሰብሳቢዋ መነጽሯን አናቷ ላይ ሰክታ ደንቡን አስረዳች። ለአንድ ተናጋሪ ሦስት ደቂቃ ብቻ ነው፤ ደወል ሲጮኽ ያበቃል። የትርጉሙም ጊዜ ከዚያው ላይ ነው።

አባባ ንጉሡ ማይኩ ፊት ቆሙ፤ ኤፍራታ አጠገባቸው።

«ከሁሉ አስቀድሜ» አሉ፣ «ለተከበሩት ሰብሳቢ ምስጋናዬን አቀርባለሁ።»

ኤፍራታ ተረጎመች። ሰብሳቢዋ ፈገግ አለች። አባባ ንጉሡ ቀጥሎ የቦርዱን አባላት ከፊታቸው ካለው ሰሌዳ ላይ ስማቸውን እያነበቡ አንድ በአንድ አመሰገኑ። ኤፍራታ አንድ በአንድ ተረጎመች። ቀጥሎ በስደት የተቀበላቸውን የሜሪላንድን ሕዝብ አመሰገኑ። ቀጥሎ አዳራሹን ያዘጋጁትን። ቀጥሎ ወንበሩን የደረደሩትን ባለማወቃቸው ይቅርታ ጠየቁና እነሱንም አመሰገኑ። አረጋውያኑ በየመሀሉ ራሳቸውን እየነቀነቁ ያዳምጣሉ። የቦርዱ አባላት ማየት የጀመሩት ሰዓቱን ነው።

ኤፍራታም አየችው። «አባባ፣ ወደ ነገሩ ይግቡ» ማለት ትችል ነበር። አላለችም።

«እንግዲህ ወደ ዋናው ጉዳይ ከመግባቴ በፊት» አሉ አባባ ንጉሡ፣ ደወሉም ጮኸ።

ቆሙ። ሰብሳቢዋን አዩ፣ ኤፍራታን አዩ። «ገና ልጀምር'ኮ ነው» አሉ።

ኤፍራታ ይህንንም ተረጎመች። በግራ በኩል ሳቅ ተነሣ። ክፉ ሳቅ አልነበረም፤ ቢሆንም ሳቅ ነው። በቀኝ በኩል የሳቀ የለም። አባባ ንጉሡ ኮታቸውን ቆለፉ፣ ለሳቁትም ጭምር እጅ ነሡና ሄደው ተቀመጡ። እጆቻቸውን ጉልበታቸው ላይ ሲያስቀምጡ ኤፍራታ አየቻቸው። የት እንደሚያደርጓቸው የጠፋባቸው ይመስል ነበር።

«ቀጣይ ተናጋሪ፣ ኤፍራታ ገላው።»

ስብሰባውን ሊያይ የመጣው ሄኒ ከኋላ ሁለቱን አውራ ጣቶቹን አነሣ። ገባት። መዋሸት እንኳ አላስፈለጋትም። ተቃውሞው ሳይነገር ቀረ፤ ማይኩ የእሷ ነው፤ ንግግሯ ስልኳ ላይ ተጽፎ ተቀምጧል። ማንበብ ብቻ ነው የቀረው። ቡላም ይቆያል።

ስልኳን ኪሷ ከተተች።

«አቶ ንጉሡ ሊሉት የነበረውን መጀመሪያ እነግራችኋለሁ» አለች በእንግሊዝኛ፣ «ምክንያቱም እናንተ ያቋረጣችኋቸው ሰላምታቸው ላይ ነው። እኛ ጋ ሰው ሳይመሰገን ተቃውሞ አይቀርብም።»

መኪና አለመንዳታቸውን፣ ግድግዳውን፣ ዳሌውን፣ ነርሲንግ ሆሙን ተናገረች። ውሃ መጠየቂያ ቋንቋ ማጣቱን ስትናገር በግራ በኩል ያለች አንዲት ሴት አንገቷን ደፋች። አግዳሚ ወንበሩ ጋ ስትደርስ አላለሳለሰችውም። «ስንት ዓመት ለምነው አንድ ወንበር አላገኙም። ውሻ ግን ሳይለምን አጥር ሊሠራለት ነው። ይህ የእሳቸው ቃል ነው» አለች።

«አሁን የእኔ። እኔ አልስማማም። ባለፈው አባባ ንጉሡን የጣላቸው የእኔ ውሻ ነው።»

አዳራሹ ተንሾካሾከ። ከበቡሽ ዓይኗን ጨፈነች።

«ክፉ ሆኖ አይደለም። የሚሮጥበት ቦታ የለውም፤ ስለዚህ የሚሮጠው እሳቸው በሚሄዱበት መንገድ ላይ ነው። ‹አንፈቅድም› ብትሉ ውሾቹ አይጠፉም፤ ሜዳው መሀል፣ ሽማግሌዎቹ እግር ሥር ይቀጥላሉ። ከታች፣ ጅረቱ አጠገብ ያለው ጥግ ጭቃ ነው። ማንም አይሄድበትም። እሱን እጠሩት። አጥሩ ለውሻው ብቻ አይደለም፤ ለአባባ ንጉሡም ነው።»

ደወሉ ጮኸ።

«ጊዜሽ አልቋል» አለች ሰብሳቢዋ።

«አውቃለሁ፤ እኔ ግን አልጨረስኩም። ሜዳውን ልቀማቸው አልፈልግም። ውሻዬንም ለሰው አልሰጥም። ሁለቱም እውነት ነው። አግዳሚ ወንበሩንም ሥሩላቸው፤ ለእሱ ስብሰባ አያስፈልገውም።»

ሰብሳቢዋ መነጽሯን ከአናቷ ወደ ዓይኗ አወረደች። «አቶ ንጉሡ፣ ይህች ልጅ ሐሳብዎን በትክክል አቅርባለች?»

አባባ ንጉሡ ተነሡ። በጠራ፣ ለዜና አንባቢ በሚሆን እንግሊዝኛ «የእኔን በትክክል ብላዋለች» አሉ። «የውሻውን ግን ተሳስታለች።» ተመልሰው ተቀመጡ። ሁለቱም ወገን እኩል የሳቀው ያኔ ነው።

ቦርዱ ግን አልፈቀደም፤ አልከለከለምም። ጥጉን ሄደን እናያለን፣ ውሳኔው በሚቀጥለው ወር ነው ብለው ተበተኑ።

በር ላይ ሄኒ ክንዷን ያዛት። «ሲሪየስሊ? አሸንፈሽ ነበር'ኮ! ዝም ብትይ አልቆ ነበር!»

«እሱማ አልቆ ነበር» አለችና ወደ መኪናው ሄደች።

አባባ ንጉሡ ከኋላ ተቀምጠው ቀበቷቸውን አስረዋል። እሳቸው ባይኖሩ ከበቡሽ የምትለው ብዙ ነበር። ስላሉ በጥርሷ ብቻ ተናገረች። «በአደባባይ፣ በአያትሽ ዕድሜ ላይ ያሉ ሰው ፊት፣ ‹አልስማማም›!»

«ዳሌው ላይ ቸኮልሽ» አሉ አባባ ንጉሡ ከኋላ። «ሌላው ደህና ነው። በሚቀጥለው ወር ግን ምስጋናውን አሳጥሬ እመጣለሁ። ያኔ ትሸነፊያለሽ።»

«እናያለን፣ አባባ።»

ከበቡሽ ሞተሩን አስነሥታ ሳትነዳ ቆየች። «ፈቀዱ?» አለች።

«አልከለከሉም።»

«ፈቀዱ ወይ ነው ያልኩሽ።»

«አልፈቀዱም።»

«እንግዲያው ቃል ቃል ነው።» ከቦርሳዋ ስልኳን አውጥታ ደወለችና ለልጇ ሰጠቻት። «ዓብዩ ነው። ቅዳሜ ስንት ሰዓት እንደሚመጣ ጠይቂው። ጋሽ ንጉሡ፣ እርስዎም አንድ ነገር ይበሏት እስቲ።»

«እኔ ተቃዋሚዋ ነኝ» አሉ አባባ ንጉሡ። «ጣልቃ አልገባም።»

ስልኩ ጠራ። ኤፍራታ ወደ እናቷ ዞራ፣ ዓይን ዓይኗን እያየች ጆሮዋ ላይ አደረገችው።

«ሄሎ፣ ጋሽ ዓብዩ? ኤፍራታ ነኝ። … ደህና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ስለ ቡላ ነው። ቅዳሜ አይምጡ። … አይ፣ እሁድም አይምጡ።»

ከበቡሽ መሪውን እንደያዘች ቀረች።

«አዎ፣ አጠገቤ ናት» አለች ኤፍራታ። «አይ፣ እሷ አይደለችም። እኔ ነኝ ያልኩት።»