አንድ አንባቢ ብቻ

ስማቸው የተባለው የቤተ መጻሕፍቱ ባለሙያ በኮምፒውተር ክፍሉ ወለል ላይ በግንባሩ ተደፍቶ ሞቷል። የተመታበት የእሳት ማጥፊያ አጠገቡ ወድቋል። ዘበኛው አያ የሻው ለምሳ ሲወጣ ወደ ውስጥ ሳያይ በሩን ስለ ቆለፈው፣ ተማሪዋ ፈትሂያ ከሬሳው ጋር ተዘጋባት። መስኮቱ ፍርግርግ ብረት ነው። ጩኸቷን ሰምቶ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ተመልሶ ሲከፍት ከእሷ በቀር ሰው የለም። ወዲያው ካቴና ገባላት። ድሃ ከተገኘ ምርመራ ምን ያደርጋል!

ኢንስፔክተር የትነበርሽ ግን አልቸኮለችም።

«ምን ልትሠሪ ገባሽ?»

«መጽሐፉን እንዲዘጋልኝ ልለምነው። የአፈር ጥበቃው ኢ-መጽሐፍ በአንድ ጊዜ ለአንድ ሰው ብቻ ነው የሚከፈት። ጧት ሙሉ ከቤቴ በስልክ ብሞክር ‹ሌላ አንባቢ ይዞታል› ይለኛል። ስገባ... ሞቷል።»

የትነበርሽ ስክሪኑን አየች። መጽሐፉ አሁንም እንደ ተከፈተ ነው፤ ከኮምፒውተሩ ጎንም የታተመ ማስተማሪያ ጽሑፍ ተዘርግቷል።

ቀጥላ የልጅቷን አማካሪ መምህር ዶክተር ምናለን ቢሮው አገኘችው። እንደ ዳኛ ተኮፍሷል።

«ጧት የት ነበሩ?»

«አዘዞ፣ ቤቴ። የአፈር ጥበቃውን ኢ-መጽሐፍ ሳነብ አረፈድኩ።»

«ከቤተ መጻሕፍቱ ድረ ገጽ ከፍተው?»

«ታዲያ ከየት? ለናንተ ለፖሊሶች ይከብድ እንደሆን እንጂ!»

«ፈትሂያስ ስትታሰር ምን አሉ?»

«ምን ይደረግ፣ ሕግ ነው።»

ከሰዓት በኋላ ሦስቱን እዚያው ኮምፒውተር ክፍል ሰብስባ በሩን ዘጋች።

«አያ የሻው፣ ሲከፍቱ ደሙ እንዴት ነበር?»

«ደርቋል፣ እመቤቴ።»

«ልጅቷን ያመጣት የባጃጅ ሾፌር ያወረዳት እርስዎ ለምሳ ሊዘጉ ሲሉ ነው። ስለዚህ ገዳዩ ቀድሟታል። ዶክተር፣ አነበብኩ ያሉት መጽሐፍ ጧት ሙሉ እዚህ ኮምፒውተር ላይ ተይዞ ነበር። ቤትዎ እንዴት ተከፈተ?»

«እ... ሌላ መጽሐፍ ይሆናላ።»

«ለአንድ ሰው ብቻ እንደሚከፈት ተማሪው ሁሉ ያውቃል። እርስዎ ምነው ሳያውቁ?»

«ከፍተው አያውቁም» አለች ፈትሂያ። «እኛ ነን አትመን የምንወስድላቸው።»

«ከዚያ ሁሉ መጽሐፍ ይሄ አፍዎ ላይ የመጣው፣ ሬሳው አጠገብ ቆመው ስክሪኑ ላይ ስላዩት ነው። ከኮምፒውተሩ ጎን የተዘረጋው ማስተማሪያም የርስዎ ነው፤ ከመጽሐፉ ጋር ቃል በቃል አንድ ነው። መቅዳትዎን ስማቸው ደረሰበት።»

ዶክተሩ ወደ በሩ አየ። ፖሊስ ቆሟል።

«ለዲኑ እናገራለሁ አለኝ» አለ ድምፁ ሰልሎ። «ፈትሂያ፣ ልጄ፣ አንቺ ላይ እንዲደርስ አልፈለግሁም።»

ካቴናው ከእጇ ወጥቶ ወደ እሱ ዞረ።

«ታስሬ አይተኸኝ ዝም አልክ» አለችው።

ዶክተር ምናለ ቀና ብሎ አፈጠጠባት። ሰው ከመግደሉ ይልቅ «አንተ» መባሉ ያስደነገጠው ይመስል ነበር።