የተፋቀ ነጥብ

«ምን አደረግከው?»

ልጅቷ ጌሙን ገልብጣ ጀርባውን ስታይ የገዛ ድምጿ ራሷን አስደነገጣት። መዳፍ የሚያህል፣ በእጅ ይዘው የሚጫወቱበት አሮጌ ጌም ነው። ትናንት ሻይ የተደፋበት ይመስል ቢጫ የነበረው ፕላስቲክ ዛሬ እንደ አዲስ ሳህን ነጥቷል። ጭረት የሚባል ነገር የለበትም።

«አጸዳሁልሻ። አመሰግናለሁ አይባልም?» አለ የክፍል ጓደኛዋ በሩን ተደግፎ። «ለአሮጌ ጌም ሰብሳቢዎች ግሩፕ ፎቶውን ልለጥፍ አይደል የወሰድኩት? እንዲህ ዓይነቱን እኮ በመብራት ፈልገው ነው የሚያጡት። በዚያ ቆሻሻው ብለጥፈው መሳቂያ ነበር የምሆነው።»

«ጭረቶቹስ?»

«በብርጭቆ ወረቀት። ጣቴ እስኪላጥ ነው የፈተግኩት።»

ደሟ ፈላ። እናቷና አክስቷ ከልጅነታቸው ጀምሮ በዚህ ጌም ይፎካከራሉ። አንዷ የሌላዋን ሪከርድ ስትሰብር ጀርባው ላይ በመርፌ አንድ መስመር ትጭራለች፤ በግራ የእናቷ፣ በቀኝ የአክስቷ። ጌሙ ከአንዷ ቤት ወደ ሌላዋ ሲመላለስ ነው እዚህ የደረሰው። ሁለት ትልልቅ ሴቶች፣ የልጆች እናቶች፣ «አጭበርብረሽ ነው» እየተባባሉ በስልክ ሲነታረኩ ቤቱ በሳቅ ይሞላል። ቅዳሜ ደግሞ አክስቷ ተራዋን ልትወስድ ትመጣለች።

ይበልጥ ያንገበገባት ግን፣ እናቷ ሳታውቅ ከመሳቢያ አውጥታ የሰጠችው ራሷ መሆኗ ነው። «ተጠንቀቅ» ብላዋለች። ምኑን እንደሚጠነቀቅ ግን አልነገረችውም።

«ነጥብ ነበር እኮ» አለች ጥርሷን ነክሳ። «የእማዬና የአክስቴ ነጥብ።»

የልጁ ፈገግታ ጠፋ። «አልነገርሽኝማ።»

«አልጠየቅከኝማ። የሰው ዕቃ ዝም ተብሎ ይፈተጋል?»

«እሺ ቆይ፣ አትጩሂብኝ። መርፌ አምጪና መልሰን እንጫረው። ማን ነው የሚቆጥረው?»

«እነሱ ናቸዋ፣ ደደብ።»

«እና ለእናትሽ ሁለት ሦስት ጨመር አድርጊላት። ደስ ቢላት እንጂ ምን ትላለች?»

ልጅቷ እየተነጫነጨች መርፌ አመጣች። ጌሙን ጉልበቷ ላይ ደፍታ የመርፌውን ጫፍ ፕላስቲኩ ላይ አሳረፈች። እናቷ እየመራች እንደነበር ታውቃለች፤ በስንት እንደሆነ ግን ትዝ አላላትም። ቅዳሜን አሰበች። አክስቷ ጌሙን ገልብጣ አይታ፣ እንደ ልማዷ «አጭበርብረሽ ነው» ትላለች። እናቷም ምንም ሳታውቅ፣ እየሳቀች፣ በልጆቿ ትምላለች።

መርፌውን ጠረጴዛው ላይ ወረወረችው።

«ምን ሆንሽ? ጫሪው እንጂ» አለ ልጁ።

«አልጭርም። ሄጄ ልነግራት ነው።»

«አብደሻል? እኔንም ልታስጨርሺኝ ነው?»

«የሰጠሁህ እኔ ነኝ፣ የፋቅከው አንተ ነህ። እኔ የራሴን እናገራለሁ። አንተ ብትመጣም ባትመጣም ያንተ ጉዳይ ነው።»

መልሱን አልጠበቀችም። ንዴቷ ስላልበረደ ጉንጮቿ ይግላሉ። ኮሪደሩን አቋርጣ፣ እናቷ ዕቃ የምታጥብበትን የኩሽና በር በክርኗ ገፋ አድርጋ ገባች።

«እማዬ» አለች፣ «እጅሽን አድርቂና ነይ፤ የማሳይሽ ነገር አለ።»