በጠየቁት መሠረት ተዘግቷል

መልእክቱ የደረሰው ሰኞ ቀትር ላይ ነው።

«ውድ አመልካች፤ ፈርመው በላኩልን ደብዳቤ በጠየቁት መሠረት የዝውውር ማመልከቻዎ ተሰርዟል። ፋይልዎ ተዘግቷል። መልካሙን ሁሉ እንመኛለን። ሃርግሮቭ ዩኒቨርሲቲ፣ የተማሪዎች ቅበላ ቢሮ።»

ኔንግ ታኦ የኮሌጁ ካፍቴሪያ በር ላይ ቆሞ ሦስት ጊዜ አነበበው። እዚያው ደረጃው ላይ ተቀመጠ።

እሱ ምንም ደብዳቤ አልጻፈም።

ቦርሳው ውስጥ ያለው ወረቀት ያለቀለት ገና ከአንድ ሰዓት በፊት ነበር። አምስቱም መምህራኑ የግማሽ ሴሚስተር ውጤቱን ሞልተው ከጎኑ ፈርመውበታል። የፊዚክሱን መምህር ፊርማ ለማግኘት ብቻ ሁለት ቀን ደጅ ጠንቷል። ለማመልከቻው የቀረው ያ ወረቀት ብቻ ነበር።

ሌላው በሁለት ዓመት ጨርሶ ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚዛወርበት የሕዝብ ኮሌጅ ለኔንግ አራት ዓመት ፈጅቶበታል። ከንጋት እስከ ረፋድ ዘቢብ ማሸጊያ ይሠራል፣ ከዚያ በኋላ ይማራል። ሃያ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ሚስትና የስምንት ወር ወንድ ልጅ አለው። ሃርግሮቭን የመሰለ የግል ዩኒቨርሲቲ ከሕዝብ ኮሌጅ የሚቀበለው በጣት የሚቆጠር ተማሪ ነው። ከሁለት ወር በፊት ግን፣ ለሙሉ የትምህርት ዕድል ከታጩት መካከል መሆኑን ነግረውት ነበር። ከነቤተሰብ መኖሪያው። የሚወስነው ኮሚቴ የሚቀመጠው ሐሙስ ነው።

የዝውውር አማካሪዋ ወይዘሮ ዴልጋዶ መልእክቱን አንብባ ቁልፏን አነሳች።

«ተነስ።»

«ወዴት?»

«ፖሊስ ጋ።»

የኮሌጁ ፖሊስ ቢሮ ከመኪና ማቆሚያው ጀርባ ነው። መርማሪ ኦፊሊያ ባራጋን ሃምሳ ዓመት ያለፋት ሴት ናት። በርበሬ ያለው ከረሜላ እየመጠጠች ቀና ብላ አየችው።

«ምን ጠፋ? ላፕቶፕ?»

«ማመልከቻዬ።»

ስልኩን ተቀብላ አነበበች። ከረሜላውን በጉንጯ አቆመችው።

«በሰው ስም ፈርሞ መላክ ወንጀል ነው። ያሳስራል። ደብዳቤው የት አለ?»

«እነሱ ጋ ነው። ብጠይቃቸው በደብዳቤው ላይ የአመልካች ቁጥርዎ አለ፣ ፊርማ አለ አሉኝ። አላሳዩኝም።»

«ለእኔ ያሳዩኛል። ማን ይጠላሃል?»

«ማንም።»

«እዚቺ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሁሉ እንዲሁ ነው የሚለኝ።» ዓይኗ የግራ እጁ አንጓ ላይ አረፈ። ያደፉ ነጫጭ ክሮች ታስረውበታል። «ይሄስ ምንድን ነው? ሆስፒታል ነበርክ?»

«አይ። የቤተሰብ ነገር ነው።»

ነገሩን አልገፋችበትም። በማስታወሻዋ ላይ ግን ጻፈችው።

ኔንግ የጠረጠረውን ሰው ስም ሳያቅማማ ሰጣት፤ ትሬቨር ኪን። የክፍሉ ልጅ ነው። እሱም ለሃርግሮቭ፣ እሱም ለዚያው ለምህንድስና ማመልከቱን ላገኘው ሁሉ ሲያወራ ከርሟል። ሁለት ሰው ከአንድ ኮሌጅ እንደማይወስዱ ደግሞ ሁሉም ያውቃል።

ቤት ሲገባ ነገሩን ለሚስቱ ለጋኦ ኑ ነገራት። ጭኗ ላይ ተደፍቶ አለቀሰ። እሷ ጸጉሩን ብቻ ደባበሰችው።

ማክሰኞ ጠዋት ባራጋን ትሬቨርን አስጠራችው።

«የኔንግን የአመልካች ቁጥር ታውቃለህ?»

«የራሴንም አላውቀውም።»

«እሱ ሲወጣ ላንተ ቦታ ይለቀቅልሃል።»

ልጁ ሳቀ። ወዲያው ደግሞ ፊቱ ቀላ።

«እኔ ለሃርግሮቭ አላመለከትኩም።»

«ለኮሌጁ ሁሉ አመለከትኩ ብለሃል እኮ።»

«ውጤቴ አልደረሰም። አባቴ እንዳይሰማ ብዬ ነው። እባክዎ አይንገሩት።»

ወይዘሮ ዴልጋዶ የትሬቨርን ፋይል አይታ አረጋገጠች። እውነቱን ነው። ኔንግ ሌሊቱን ሙሉ ሲረግመው ያደረውን ልጅ ኮሪደር ላይ ሲያገኘው ዓይኑን ማየት አፈረ።

ቀጥሎ የዘቢብ ማሸጊያው ባለቤት ሚስተር አቫኪያን ነበሩ። ባለፈው ወር በሠራተኞች ፊት «አንተ ከሄድክ በሩን ነው የምዘጋው» ብለውታል።

«ብያለሁ፤» አሉ ለባራጋን። «እንደ እሱ ያለ ሠራተኛ ከየት አገኛለሁ? ግን የድጋፍ ደብዳቤውን የጻፍኩለት እኔው ነኝ። አንብቢው። ሚስቴ ስታነብ አልቅሳለች።»

አነበበችው። የሚያስለቅስ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ኔንግን እንደገና አስቀመጠችው።

«የአመልካች ቁጥርህ ዘጠኝ አሃዝ ነው። የት የት ተጽፏል?»

«ስልኬ ላይ። እና ፍሪጃችን ላይ ለጥፌዋለሁ። እንዳልረሳው።»

«ወጥ ቤትህ ማን ይገባል?»

«የሚስቴ ቤተሰብ ብቻ።»

«ብቻ?»

«እነሱን ይተዉአቸው፤» አለ ኔንግ። ድምፁ ሳያስበው ከፍ ብሎ ነበር።

ረቡዕ ረፋድ ላይ የደብዳቤው ቅጂ ከሃርግሮቭ መጣ። ባራጋን ኮምፒውተሯን ወደ እሱ አዞረችው። ከስምንት ቀን በፊት የተጻፈ ነው። ሁለት መስመር ብቻ። በቤተሰብ ጉዳይ ምክንያት ማመልከቻዬን ሰርዤያለሁ፣ ስላደረጋችሁልኝ ሁሉ አመሰግናለሁ ይላል። ከታች ቁጥሩ፣ ፊርማው፣ ስሙ።

ቾንግ ኔንግ ታኦ።

ኔንግ ስሙን ደግሞ አነበበው።

«ስምህን አሳስተውታል፤» አለች ባራጋን። «ቾንግ ማን ነው?»

«እኔ እንጃ። ስህተት ይሆናል።»

እሷ ግን የምታየው እጁን ነበር። ቀኝ እጁ ሄዶ አንጓው ላይ ያሉትን ክሮች ሸፍኗቸዋል።

«ኔንግ። ነገ ሐሙስ ነው።»

ኔንግ እጁን ከክሮቹ ላይ አነሳ።

«እኛ ከላኦስ ወደ አሜሪካ የመጣን ሞንጎች፣ ወንድ ልጅ አግብቶ ሲወልድ የአዋቂ ስም ይጨመርለታል። የሚሰጠው የሚስቱ አባት ነው። አሳማ ይታረዳል፣ ዘመድ ይሰበሰባል፣ ክር ይታሰርልሃል። እኔ ቾንግ ኔንግ ከተባልኩ ሦስት ሳምንቴ ነው።»

«መታወቂያህ ላይ አለ?»

«የለም። ኮሌጁም፣ መሥሪያ ቤቴም፣ ሃርግሮቭም አያውቁትም። ዘመድ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ኔንግ ብሎ አይጠራኝም። ነውር ነው። አንተ ገና ልጅ ነህ እንደ ማለት ነው።»

ባራጋን ስክሪኑ ላይ ያለውን ስም በጣቷ ነካች።

«እንግዲህ ይሄ ሰው ሊቀብርህ እየተነሳ እንኳ ሊንቅህ አልፈለገም፤» አለች። «የሚስትህ አባት የት ነው የሚኖሩት?»

ኔንግ አድራሻውን ማስታወሻዋ ላይ ጻፈላት።

አማቱ ዋንግ ካኦ ሎር ከከተማው በስተደቡብ ምሥራቅ፣ አውራ ጎዳናው ዳር እንጆሪ ያመርታሉ። ከእርሻው ፊት ለፊት የጣውላ ዳስ አለቻቸው። ባራጋንና ኔንግ ሲደርሱ ሽማግሌው እንጆሪ እየመረጡ ነበር። ጋኦ ኑ ልጇን አዝላ ትሸጣለች። እናቷ ለኩላሊት እጥበት የምትሄድበት ቀን ነበር። ጋኦ ኑ አድርሳት መምጣቷ ነው፣ ደግሞ ሄዳ ታመጣታለች።

ባራጋን መታወቂያዋን አሳየች።

«አባትሽን ጠይቂልኝ። ለሃርግሮቭ ዩኒቨርሲቲ የተላከውን ደብዳቤ ማን ጻፈው?»

ጋኦ ኑ አልተረጎመችም።

በሞንግኛ የጠየቃቸው ኔንግ ነው። «አባባ፣ ደብዳቤውን እርስዎ ነዎት የላኩት?»

ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«እኔ ነኝ፤» አሉ።

«ለምን?»

«ልጄን የአራት ሰዓት መንገድ ይዘህብኝ ልትሄድ ነው። ልጅህንም። ይሁን፣ ሚስትህ ናት። ሚስቴ አፍ አውጥታ ለሐኪም የምትናገረው ግን በጋኦ ኑ ነው። በሳምንት ሦስት ቀን። ያን ጊዜ ጋኦ ኑ ባልነበረችበት ቀን የማይስማማትን መድኃኒት ወስዳ ሦስት ቀን ራሷን ስታ ነበር። ረሳኸው? እኔ ቆሜ አያታለሁ። በእንግሊዝኛ አመማት ማለት እንኳ አልቻልኩም።»

«ለምን አልነገሩኝም?»

«ብለምንህ ትቀር ነበር። ዕድሜህን ሙሉ ደግሞ በእኔ ምክንያት ቀረሁ ትል ነበር። እነሱ እምቢ ያሉህ መስሎህ ብትቀር ይሻላል ብዬ ነው።»

ኔንግ ቃል በቃል ለባራጋን ተረጎመላት። የሚናገረው ድምፅ የእሱ አልመስል አለው። እኚህ ሰው ሠርጉ ላይ ለክብሩ ጃንጥላ ይዘውለታል። ስሙን ሲሰጡት ድምፃቸው ተንቀጥቅጧል።

ባራጋን ግን አልረካችም።

«አባት፣ እንግሊዝኛ ይጽፋሉ?»

ሽማግሌው ጥያቄው ሲተረጎምላቸው እንጆሪው ላይ አቀረቀሩ።

«ጽፌያለሁ አልኩ እኮ፤» አሉ።

«እኔ ነኝ የጻፍኩት፤» አለች ጋኦ ኑ።

ልጁ ጀርባዋ ላይ ተነጫነጨ።

ኔንግ የሚስቱን ፊት እንደማያውቀው ሰው ፊት አየው። ሰኞ ጸጉሩን የደባበሰችው ይቺ እጅ ናት። በየጠዋቱ ምሳውን የምትቋጥርለት ይቺ እጅ ናት።

«አባቴ ጻፊ አለኝ፤» አለች በእንግሊዝኛ፣ ለሁለቱም እንዲሰማ። «እምቢ ልለው ሞከርኩ። ፊቱ ቆሜ አቃተኝ። ስሙን ቾንግ ኔንግ ታኦ በይ አለኝ። እሱ ሌላ ስምህን በአፉ አያነሳም። ሃርግሮቭ ያንን ስም እንደማያውቅ እኔ አውቅ ነበር። ላርመው እችል ነበር። ዝም አልኩ።»

«ለምን?» አለች ባራጋን።

«እንዲያዩት። ይሄ የኛ አመልካች አይደለም ብለው እንዲጥሉት። በሌላ ስም ፈረምኩና ጸለይኩ። እነሱ ግን ቁጥሩን ብቻ አይተው ዘጉት።»

«እኔስ?» አለ ኔንግ። «ስምንት ቀን ሙሉ?»

«ብነግርህ አባቴን አጣለሁ። ብደብቅህ አንተን። ዛሬ እነግረዋለሁ ስል፣ ነገ ስል ነው ስምንት ቀን የሞላው።»

ባራጋን ስልኳን አውጥታ ሃርግሮቭ ደወለች፤ ድምፁን ከፍ አደረገችው። የቅበላ ቢሮዋ ሚስ ፕራት የምትባል ሴት አነሳች። ፋይሉን እስክታገኝ ትንሽ ቆየች።

«አሁን አየሁት፤» አለች። «እኛ ያለን አመልካች ኔንግ ታኦ ነው። ደብዳቤው የቾንግ ኔንግ ታኦ። ስሙ የእሱ ካልሆነ በስህተት ነው የዘጋነው፣ አሁኑኑ እከፍተዋለሁ። ስሙ የእሱ ሆኖ ሌላ ሰው ፈርሞበት ከሆነ ግን ማጭበርበር ነው። የፈረመው ሰው ስም ያለበት የፖሊስ ክስ ሊደርሰን ይገባል። ያ ደግሞ ለነገ አይደርስም። ሚስተር ታኦ፣ ይሰሙኛል?»

«እሰማለሁ።»

«ቾንግ ኔንግ የእርስዎ ስም ነው?»

ባራጋን ፊቷን ወደ መንገዱ አዞረች። አንድ የጭነት መኪና አለፈ።

ኔንግ ክሮቹን አየ። ሚስቱን አየ። አማቱ ከሥራቸው ቀና ብለዋል። ሽማግሌው እንግሊዝኛ አያውቁም ይባላል እንጂ፣ ሃያ ዓመት መንገድ ዳር ሲሸጡ የለመዷቸው ጥቂት ቃላት አሏቸው። ስም የሚለውን ያውቃሉ። አዎና አይደለም የሚሉትንም ያውቃሉ።

«አይደለም፤» አለ ኔንግ። «የእኔ ስም አይደለም። እንደዚህ የሚባል ሰው አላውቅም።»

«እሺ። ፋይልዎ ተከፍቷል። የግማሽ ሴሚስተሩን ወረቀት ዛሬ ይላኩልን። ለነገው ኮሚቴ ይደርሳል።»

ስልኩ ተዘጋ። ኔንግ ደስ ሊለው ይገባ ነበር። ደስታው ግን አልመጣለትም።

«ክስ ትፈልጋለህ?» አለች ባራጋን ቀስ ብላ።

«አልፈልግም።»

ማስታወሻዋን ዘግታ ወደ መኪናዋ ሄደች። ጋኦ ኑ ልጁን እያባበለች ባለችበት ቆማለች፤ ዓይኗ ከመሬት አልተነሳም። እናቷን የምታመጣበት ሰዓት ደርሷል።

ዋንግ ካኦ ሎር ባርኔጣቸውን መልሰው አጠለቁ። አማቻቸው በመጣ ቁጥር እንደሚያደርጉት አንድ ሣጥን እንጆሪ ሞሉ። የበሰበሰውን ለቅመው ጣሉ፣ ቀዩን ከላይ አደረጉ። ሁልጊዜ የሚሰጡት ቾንግ ኔንግ ብለው፣ በሁለት እጃቸው ነው። አሁን በአንድ እጃቸው ዘረጉለት።

«ያዝ፣ ኔንግ፤» አሉት።

አሳማው ከታረደበት ቀን ወዲህ በልጅነት ስሙ ሲጠሩት የመጀመሪያቸው ነበር። ኔንግ ሣጥኑን በሁለት እጁ ተቀበላቸው።