ጣሳው ጭኔ ላይ እያለ

እኔ ወሬ የማበዛ ሴት አይደለሁም፣ ቤቴ ውስጥ ድምፅ ሰማሁ፣ ጥላ አየሁ የሚል ሰው ሲመጣም «እንቅልፍ ወስዶህ ነው» ብዬ ሥራዬን የምቀጥል ነኝ፣ እግዚአብሔርን አምናለሁ፣ ቅዱሳኑን አምናለሁ፣ ከዚያ ያለፈውን ነፋስና አይጥ ነው የምለው፣ ይህንንም ሌላ ሰው ቢያወራልኝ አላምነውም ነበር። ስለዚህ ባታምኑኝ አልቀየማችሁም። የሆነውን ብቻ ልንገራችሁ።

የምኖረው ፍኖተ ሰላም ነው። ባሌ ካረፈ ወዲህ ቤቱ የእኔና የልጄ የማስተዋል ነው። ማስተዋል ባሕር ዳር ስለ ዓሣ እርባታ ተምራ ተመርቃ መጣች፣ ሥራ ግን አልመጣም፣ ጠበቀች፣ ጠበቀች፣ በመጨረሻ ፓስፖርት አውጥታ ዐረብ አገር ልሂድ አለችኝ። ከመሄዷ በፊት አንድ ነገር ልሞክር ብላ ቡሬ በአጎቷ መሬት ላይ ኩሬ አስቆፈረች፣ ከዚያም አብራት የተማረች ጓደኛዋ የሰጠቻትን የአምባዛ እንቁላል በውኃ በተሞላ ላስቲክ እንደ ሕፃን አቅፋ ይዛ መጣች።

«እማዬ፣ እነዚህ ካደጉልኝ እቀራለሁ፣ ካለቁብኝ እሄዳለሁ» አለችኝ። ሌላ ንግግር አልነበረንም።

እንቁላሎቹ ሳሎናችን ውስጥ፣ ቴሌቪዥኑ በነበረበት ጠረጴዛ ላይ ባስቀመጠችው የመስታወት ገንዳ ተፈለፈሉ። ጫጩቶቹን ብታዩ ከሽፋሽፍት አይበልጡም፣ ሆዳቸው ሥር ቢጫ ስንቅ አንጠልጥለው ጨለም ያለውን ጥግ ይዘው ይርመሰመሳሉ። አንድ ትንሽ ሞተር በቀጭን ቱቦ አየር ይነፋላቸዋል። «ሲያድጉ ብቅ እያሉ ከላይ አየር ይስባሉ፣ አሁን ግን ውኃው ካልተንቀሳቀሰ ይታፈናሉ» ብላ ደጋግማ ነገረችኝ፣ መብራት ከጠፋም በጣሳ እየቀዳሁ፣ ከፍ አድርጌ፣ እዚያው መልሼ እንዳፈስስ አሳየችኝ። መስታወቱ ላይ የውኃውን ልክ በቀይ የጥፍር ቀለም አሰመረች። ይህን መስመር አስታውሱልኝ።

ጊዜው ፍልሰታ ነበር። የጫጩቶቹ ስንቅ ሲያልቅ ልጄ የዶሮ እንቁላል ቀቅላ፣ አስኳሉን በነጠላ ቁራጭ አጣርታ ታበላቸው ጀመር። እኛ እንጾማለን፣ ቤታችን እንቁላል እንቁላል ይሸታል። ጎረቤቴ ትርንጎ በሩን ገፋ አድርጋ ገባች።

«አንጓች፣ በፍልሰታ ነው?»

«ለዓሦቹ ነው።»

«እነሱስ አይጾሙም?»

«ሰባት ዓመት ሲሞላቸው ይጀምራሉ» አልኳት።

ሳቀች፣ ወደ መስታወቱ ጠጋ ስትል ግን ፊቷ ተለወጠ። «አምባዛ ነው እንዴ? ቅርፊት የሌለውን፣ አንቺ ራስሽ የማትበዪውን? በይ ቢያንስ ክደኚው፣ ያልተከደነ ውኃ ሁሉም ይጎበኘዋል።»

«አየር ይፈልጋሉ፣ አልከድነውም።»

ነገሩ ግን ከነከነኝና ለንስሐ አባቴ ነገርኳቸው። «አባቴ፣ አምባዛ አልበላም፣ ባሳድግስ?» አልኳቸው።

«በቅሎ ትበያለሽ?» አሉኝ ጢማቸውን እየነካኩ።

«ኧረ አባቴ! በቅሎ ይበላል?»

«የባልሽን በቅሎ ግን ስታበዪ፣ ስታጠጪ ኖረሻል» ብለው አሳልመውኝ ሄዱ።

እንግዲህ ነገሩ በሆነበት ቀን ማስተዋል ኩሬውን ልታይ በጠዋት ቡሬ ሄደች። ቧንቧው ውኃ ካጣ ሰንብቷል፣ ጀሪካኖቹ ባዷቸውን ናቸው። ከቀትር በኋላ ሰማዩ ጠቆረ፣ ቆርቆሮውን የሚደበድብ ዝናብ መጣ፣ ነጎደ፣ መብራቱ ድርግም አለ። ሞተሩ ዝም አለ። መብራት ሲመለስ እንዳይቃጠል ብዬ ሶኬቱን ነቀልኩት፣ በገዛ እጄ ነው የነቀልኩት። ከዚያ በርጩማዬን አስጠግቼ መቅዳት ጀመርኩ።

ዝናቡ አባርቶ የቅዳሴ ደወል ሲደወል ትርንጎ ነጠላዋን ተከናንባ በር ላይ ቆመች። «አትሄጂም?»

«ዛሬ አልችልም።»

«ለትል ብለሽ ቅዳሴ ልትቀሪ?»

«ለልጄ ብዬ ነው። እመቤቴ እናት ናት፣ ታውቀኛለች» አልኳት። ከንፈሯን መጠጠችና ሄደች።

ቤቱ ጭር አለ። እቀዳለሁ፣ አፈስሳለሁ፣ በየጣሳው «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» እላለሁ። ክንዴ ደነዘዘ። ጫጩቶቹ ወደ ላይ ወደ ላይ ማለት ጀመሩ፣ ይህ ደግሞ መጥፎ ምልክት እንደሆነ ልጄ ነግራኛለች። ቀጠልኩ። በመጨረሻ እጄ አልታዘዝ ሲለኝ ጣሳውን ጭኔ ላይ አስቀምጬ ትከሻዬን ማሸት ያዝኩ።

ጭርርር።

የማፍሰሱ ድምፅ አልቆመም።

ጭኔን አየሁ፣ ጣሳው አለ። መስታወቱን አየሁ፣ የውኃው ፊት እኔ ሳፈስስበት በነበረው ቦታ ይሰበራል፣ አረፋ ይሠራል፣ ከዚያ ሰው ጎንበስ ብሎ እስኪቀዳ ያህል ዝም ይላል፣ ከዚያ እንደገና ጭርርር። ከላይ የሚወርድ ነገር ግን አይታይም። ጣሪያው አፍስሶ ነው እንዳትሉኝ፣ በርጩማው ላይ ወጥቼ ኮርኒሱን በመዳፌ ዳበስኩት፣ ደረቅ ነው። ሞተሩ ነው እንዳትሉኝ፣ ሶኬቱ ወለል ላይ ተጋድሟል። ጾም አድክሟት ነው እንዳትሉም፣ ከልጅነቴ የጾምኩ ሴት ነኝ።

የሚገርማችሁ፣ ከእኔ ይፈጥን ነበር። ክንዱ ያልደከመ ሰው እንደሚቀዳው ነበር።

አማተብኩ። የአንገቴን መስቀል አውጥቼ መስታወቱ ላይ አስደገፍኩና በስመ አብ ብዬ አማተብኩበት። ቆመ። እመኑኝ፣ ከመጀመሪያው ድምፅ ይልቅ ያ ዝምታ ነው ያስፈራኝ፣ ምክንያቱም ጫጩቶቹን እያየሁ «አሁን አለቁ» ብያለሁ። ትንሽ ቆየ። ከዚያ ቀጠለ።

ያን ጊዜ ፍርሃቴ ወደ ቁጣ ተለወጠ። ተነሥቼ ቆምኩ። «የማን እንደሆንክ አላውቅም» አልኩት፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ «የጌታዬ ከሆንክ የተባረክ ሁን። ካልሆንክም ከዚህ ቤት ይዘኸው የምትሄደው የለም። ዓሦቹ የልጄ ናቸው፣ ልጄ የእኔ ናት። አልሰጥህም!»

ጭርርር ብቻ።

ብሸሽስ ወዴት ልሸሽ? ዓሦቹን ለማን ትቼ? ጣሳዬን አንሥቼ ተቀመጥኩና እኔም ቀዳሁ። እኔ ስቀዳ እሱ ያፈስሳል፣ እሱ ሲቀዳ እኔ አፈስሳለሁ። እንደ ሁለት ሙቀጫ ወቃጮች አንዳችን የሌላችንን ተራ ጠብቀን፣ መብራት እስኪመጣ እንዲህ ቆየን። ሶኬቱን ስሰካ ሞተሩ አጉረመረመ፣ አረፋው ተነሣ፣ ያኛው ድምፅ ቀረ። እኔም ሰው ለረዳኝ እንደምለው «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አልኩ። ወዲያው አፌን ያዝኩ። ማንን ነው ያመሰገንኩት?

ማስተዋል ምሽት ላይ ስትገባ ጫማዋን ሳታወልቅ ወደ መስታወቱ ሮጠች። ጥቂት ብቻ ነው የሞቱት። አቀፈችኝ፣ ክንዴን ሳመችው። ከዚያ ወደ መስታወቱ ዞር ስትል ጣቷን ቀዩ መስመር ላይ አሳረፈች።

«እማዬ፣ ውኃ ጨመርሽ እንዴ?»

ውኃው ከቀዩ መስመር ሁለት ጣት በላይ ነበር። ልጄ ጀሪካኖቹን አንድ በአንድ እያነሣች ነቀነቀቻቸው፣ ባዶ ናቸው። እጇን መስታወቱ ውስጥ ነክራ ቶሎ አወጣችው። «ቀዝቃዛ ነው» አለች፣ «አሁን ከምንጭ የተቀዳ ይመስላል።» የሆነውን ነገርኳት። «ደክሞሽ እንቅልፍ ወስዶሽ ነው» አለችኝ። የእኔኑ ቃል ነው የመለሰችልኝ፣ ምን እላለሁ?

ጫጩቶቹ አደጉ፣ ቡሬ ኩሬ ውስጥ ገቡ። ልጄ ቀረችልኝ፣ ፓስፖርቱ ሣጥን ውስጥ ነው። ተመስገን፣ ስሙ ይክበር። ትርንጎ ወሬውን ስትሰማ መስታወቱን ስበሪው አለችኝ፣ እንቢ አልኩ። ሽጪው አለች፣ እንቢ አልኩ። ጸበል ርጪበት አለች፣ ያንን እሺ ብዬ ረጨሁ። እንግዲያስ ክደኚው ስትለኝ አሁንም አልከድነውም አልኳት፣ በገዛ ቤቴ የምደበቀው ነገር የለም። ደርቆ፣ ቀይ መስመሩን እንደያዘ እዚያው ጠረጴዛ ላይ አለ።

ባለፈው ሰሞን መብራት ጠፋ። ማስተዋል ጀርባዋን ለመስታወቱ ሰጥታ ስልኳን ትነካካለች፣ እኔ ከፊቷ ተቀምጬ አተር እለቅማለሁ።

ጭርርር።

«እማዬ፣ ተይው እንጂ፣ ዓሣ የለም እኮ» አለች፣ ቀና ሳትል።

«እኔ እዚህ ነኝ» አልኳት።

ቀና አለች። አየችኝ፣ እጄ ላይ ያለውን አተር አየች። እንቅልፍ ወስዶሽ ነው አላለችኝም። ዘወር ለማለት ጊዜ ወሰደባት፣ ስትዞርም መስታወቱ ደረቅ ነበር፣ ድምፁም አላቋረጠም። ያን ጊዜ ነው ቀስ ብላ የጠየቀችኝ፣ እስከ ዛሬም መልስ ያጣሁለትን፦

«እማዬ፣ ዓሦቹ ቡሬ ናቸው። አሁን የሚቀዳው ለማን ነው?»